ከጉልበት በታች

ሽኩር የሱቁን የብረት መዝጊያ እስከ መሬት አወረደና ቁልፎቹን ለወንድሙ ልጅ ለአብዱልጀባር ወርውሮ ባኪ የሚሏት ትንሽ የጭነት መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩ እስኪሞቅ አልጠበቀም። በዱርንፎንቴን ጎዳና ግራና ቀኝ ነጋዴው ብርድ ልብሱንና የጫማ ካርቶኑን በትከሻው እየተሸከመ ወደ ፎቅ ይሸሻል። ከጄፔ ወዲያ ጥቁር ጭስ ቆሟል።

ሐምሌ አምስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ነበር። ኮሮና በሦስተኛ ዙሩ ጆሃንስበርግን ካስጨነቀ ወር አልፎታል። ከከተማው ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ በእሳት አደጋ ምክንያት ስለተዘጋ በሽተኛው የቀሩትን አጣብቧቸዋል፤ ኦክሲጅን ፍለጋ ሰው ከበር በር ይንከራተታል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ዘረፋው መጣ። ቅዳሜና እሁድ እዚህም እዚያም ሲቀጣጠል ቆይቶ ሰኞ ጠዋት ከተማውን አዳረሰው።

እንዲህ ባለ ቀን ሱቁን ጥሎ የሚወጣ ጅምላ ነጋዴ የለም። ሽኩር የወጣው ስልክ ተደውሎለት ነው። የደወለው ከቶኮዛ ሰፈር፣ ሀቢሶ ነበር።

“ጋሽ ሽኩር፣” አለ ሀቢሶ፤ ከጀርባው ጩኸትና የቆርቆሮ ኳኳታ ይሰማል። “እዚህ የጎረቤቴን በር ገንጥለውታል። ንቅንቅ ማለት አልችልም። ዶክተሩ ነገ ጠዋት የእህቴን እግር ሊቆርጥ ቀጠሮ ይዟል፤ እሷ ግን አልፈርምም ብላለች። እርስዎን ትሰማለች። እባክዎ ሄደው ያስፈርሟት። እግሯ ይሂድ፣ እሷ ትትረፍልኝ።”

“እሺ፣” አለ ሽኩር። “እሄዳለሁ።”

የሀቢሶ እህት ኤርጎጌ ከሆሳዕና ገጠር የመጣች፣ ባሏን በወጣትነቷ የቀበረች፣ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍታ ወንድሟን ያስመጣችና ያሳደገች ሴት ናት። ዘይቱንም ስኳሩንም ሳሙናውንም ከሽኩር ነው የምትወስደው። እሱ ከስልጤ፣ ከወራቤ ነው። እሷ ለእሁድ ጸሎት፣ እሱ ለጁምዓ ሱቃቸውን ይዘጋሉ። የሽኩር ሚስት ረሒማ ስትወልድ አራስ ቤት ገብታ ያጠበቻትና ያጎረሰቻት ኤርጎጌ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ሽኩር እህቴ ነው የሚላት።

ስኳር በሽታ ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ወር ጫማ ትንሿን የእግር ጣቷን ላጣት። ቁስሉ አልድን አለ፤ ከዚያ ጣቱ ጠቆረ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው። ሀቢሶ ጀርሚስተን ዳር ወዳለች ትንሽ የግል ክሊኒክ ወሰዳት፤ የመንግሥት ሆስፒታል በኮሮና ተጨናንቋል ተብሎ።

ሽኩር መንገድ ላይ የሚላትን ሲያሰናዳ ሄደ። ሐኪም ካለ አለ ነው፤ ይህን ነበር በሕይወቱ የሚያውቀው።

*

ክሊኒኩ ጠያቂ አያስገባም። ጥበቃው እጁን አልኮል ረጨለትና ወደ መስታወቱ በር አመለከተው። ኤርጎጌን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው ከመስታወቱ ማዶ አቆሙለት። ግሉኮስ ክንዷ ላይ ተሰክቷል፤ ግራ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት በፋሻ ተጠቅልሏል። ፊቷ ከስቷል። በመስታወት ተለያይተው በስልክ ተነጋገሩ።

“ሀቢሶ ነው የላከዎት፣” አለች ሰላምታው ሳያልቅ። “ያስፈርሟት ብሎ።”

ሽኩር ማስኩን አስተካከለ። “ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ሐኪሙ ከወሰነ እኮ እህቴ፣ እኛ ምን እናውቃለን?”

“አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የጠየቅሁት። ሲስተሯ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀዪው ትለኛለች። ስሰቅለው በእሳት የሚጠብሱኝ ይመስለኛል። ካልጋ አውርጄ ሳንጠለጥለው ይተወኛል። ለዶክተሩ ነገርኩት፤ ስኳሩ ነርቭሽን ጎድቶት ነው አለኝና ሄደ።”

“ታዲያ ሊሆን ይችላላ።”

“ጎጎ ማሴኮን ያውቋታል አይደል? ዳቦ የምትገዛኝ አሮጊት። የእሷም ጣት ጠቁሮ ነበር፤ እሷም እግሯን አንጠልጥላ ነበር የምትተኛው። ትልቁ ሆስፒታል ወስደው የተዘጋ የደም ሥሯን ከፈቱላት። ሁለት ጣት ብቻ ነው የሄደባት። ዛሬም በእግሯ ነው የምትመጣው።”

“የእሷ ሕመም ያንቺ ላይሆን ይችላል ኤርጎጌ።”

“ላይሆን ይችላል!” ድምጿ ከፍ አለ። “ዶክተር፣ ደሙ እግሬ ድረስ ይደርሳል ወይ አይደርስም፣ አይተውታል ወይ አልኩት። እዚህ ማያ መሣሪያ የለንም አለኝ። ካላያችሁት ታዲያ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት እንዴት አወቃችሁ አልኩት። እኔ ቢላ ፈርቼ አይደለም ጋሽ ሽኩር። መቆረጥ ካለበት ይቆረጥ። ግን ያየ ሰው ይንገረኝ።”

ሽኩር መንገድ ላይ ያሰናዳው ሁሉ ጠፋበት። ግራ ገብቶት “ዶክተሩን ላናግረው” አለ።

ዶክተር ፒላይ ወጣ። ረጅም፣ ዓይኖቹ ደም የለበሱ ሰው ነው፤ ማስኩ አፍንጫው ላይ ቁስል አውጥቶበታል። በሩን ገርበብ አድርጎ ሁለቱም በሚሰሙት ቦታ ቆመ።

“ወንድሟ ነህ?”

“ወዳጇ ነኝ።”

“እንግዲያው አስረዳት። የጣቷ አጥንት ውስጥ የቁስሉ መርዝ ገብቷል። በዚህ ወር ‘እናስብበት’ ብለው የሄዱ ነበሩ። የተመለሱት መርዙ ደማቸው ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ማዳን አልቻልኩም። ነገ ጠዋት የቀዶ ሕክምና ክፍል አግኝቼላታለሁ። ካለፋት መቼ እንደማገኝ አላውቅም።”

“ዶክተር፣” አለች ኤርጎጌ ከወንበሯ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። “እዚህ የደም ሥር ሐኪም ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ያሳዩኝ ነበር?”

በመንገዱ ላይ ሳይረን እየጮኸ አለፈ።

“አዎ፣” አለ ዶክተሩ። “ጥሩ ጊዜ ቢሆን አዎ። ግን ጥሩ ጊዜ አይደለም። አምቡላንሶች ዛሬ አይንቀሳቀሱም። ሆስፒታሉ ኮሪደሩ ሁሉ የኮሮና በሽተኛ ነው። እዚያ ሄደሽ ሌላ በሽታ ይዘሽ ልትሞቺ ትችያለሽ።”

“አሁን ትኩሳት አለኝ?”

“የለሽም።”

“ጊዜ የለሽም የሚያሰኘው ምልክት ምንድን ነው? እሱን ይንገሩኝ።”

ዶክተር ፒላይ ሽኩርን አየው፤ እርዳኝ የሚል ይመስል ነበር። ሽኩር አንገቱን አቀረቀረ። ሰው ሐኪምን እንዲህ ፊት ለፊት ሲጠይቅ አይቶ አያውቅም፤ አፍሮላታል፤ የጠየቀችውን መልስ ግን እሱም መስማት ፈልጓል።

ሐኪሙ ተንበረከከ። ፋሻውን ፈታ፤ ሽታው በሩ ድረስ መጣ። እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ቅላቱ ባበቃበት፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ መስመር አሰመረ።

“ቅላቱ ይህን መስመር ካለፈ፣ ብርድ ብርድ ብሎሽ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ወይም ንግግርሽ ከተምታታ፣ ያን ጊዜ ጊዜ የለሽም። የትም ሁኚ የት፣ የቀረበውን ሆስፒታል ግቢና ይቁረጡ በይ። ትያለሽ?”

“እላለሁ።”

“በእኔ ምክር አይደለም የምትሄጂው። እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ።”

“ይጻፉ። ግን ለትልቁ ሆስፒታል የደም ሥር ሐኪም ይደውሉልኝ።”

ደወለ። መስመሩ ተይዟል። ደግሞ ደወለ። ሽኩር ደጅ በቆመበት በከተማው በኩል ያለው ጭስ ሲሰፋ ያያል። በመጨረሻ ዶክተር ፒላይ ተመልሶ መጣ። “አልጋ አለ አላሉም። አምጧት፣ እናያታለን ብለዋል።” ከዚያ ጸረ ባክቴሪያውን በክንዷ ሰጥቶ፣ መርፌውን ሳይነቅል በፕላስተር አሸገው። ለሽኩር “ዋናውን መንገድ ተጠንቀቅ” ብቻ አለው።

*

ባኪው ውስጥ ኤርጎጌ ከፊት ተቀምጣ እግሯን ወደ ታች ለቀቀች። ለኮሮናው ብለው ሁለቱንም መስኮት ከፍተዋል፤ የሐምሌ ብርድ ፊት ይገርፋል። ሽኩር ሀቢሶን ምን እንደሚለው እያሰበ ነዳ። የላከው እንዲያስፈርማት ነበር፤ እሱ ይዟት እየሄደ ነው።

“ተናደውብኛል፣” አለችው።

“አልተናደድኩም። አንድ ነገር ቢደርስብሽ ለወንድምሽ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አሁንም እንመለስ ካልሽ…”

“አልልም።”

ኤም ቱ አውራ ጎዳና ላይ ወጥተው ብዙ ሳይሄዱ ከፊት ያሉ መኪኖች መብራታቸውን እያበሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመለሱ አዩ። ጎማ እየተቃጠለ ነው። ሽኩር በክሊቭላንድ መውጫ ወርዶ በፋብሪካዎቹ መሃል ባለ ጠባብ መንገድ ገባ። እዚያ ሰዉ ፈሶ ነበር። አንዲት ሴት የሕፃን ዳይፐር ጥቅል በራሷ ተሸክማ ትሮጣለች፤ ሁለት ሰዎች ማቀዝቀዣ ይጎትታሉ። ባኪውን ሲያዩ ጥቂት ወጣቶች መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። አንዱ ብረት ይዟል።

“ምን ጭነሃል?” አለ ባለብረቱ በዙሉ። ሌላው ከኋላ ሸራውን ገለበጠው፤ ባዶ ነው። ሦስተኛው በመስኮቱ እጁን ሰዶ የሽኩርን ስልክ ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳው። “ውረድ፤ ቁልፉን አምጣ።”

ሽኩር የሚያውቀው ዙሉ ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

“ባፋና ባሚ፣” አለች ኤርጎጌ። ልጆቼ ማለቷ ነው። ቶኮዛ ውስጥ ከመደርደሪያዋ ኋላ ሆና ለደንበኞቿ በምትናገርበት ድምፅ፣ ረጋ ብላ ተናገረች። “ንጊያጉላ። ታምሜያለሁ። ሆስፒታል ነው የሚወስደኝ። መኪናውን ከወሰዳችሁ እግሬን ወሰዳችሁ።”

“ሁሉም ታምሜያለሁ ይላል፣” አለ ባለብረቱ።

ጎንበስ ብላ ፋሻውን ፈታችው። ባለብረቱ ጥቁሮቹን ጣቶችና ያበጠውን እግር አየና ወደ ኋላ አለ። ሽታው ደረሰው፤ በክንዱ አፍንጫውን ሸፈነ። ከኋላ የነበረው ጠጋ ብሎ አየ።

“የእናቴ እንዲህ ነበር፣” አለ። ከፊታቸው ሆኖ እጁን እያወዛወዘ ሰዉን አስለቀቀላቸውና በአንድ መጋዘን ጀርባ ባለ መንገድ አስወጣቸው። “ሃምባ፣ ማማ። ሂጂ።”

ስልኩን ግን አልመለሱም። ሽኩር ጥቂት ከነዳ በኋላ ነው ከአብዱልጀባርም ከሱቁም እንደተቆረጠ የገባው፤ የልጁን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም። ወደ ዱርንፎንቴን፣ ወደ ሱቁ የሚያስገባው መንገድ በቀኙ መጣ። እግሩ ፍሬኑን ነካ። ኤርጎጌ አየችው። ቀጥ ብሎ አለፈ።

ትንሽ ቆይቶ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰማ። ዘወር ሲል እየተንቀጠቀጠች ነው።

“ኤርጎጌ! እሱ ነው! ዶክተሩ ያለው ምልክት ነው!”

“ዳር ያቁሙ፣” አለች። “መስመሩን ይዩልኝ። እኔ ማጎንበስ አቃተኝ።”

መኪናውን አቁሞ ዞሮ ተንበረከከ። ፋሻውን ገለጠ። ቅላቱ መስመሩን አላለፈም፤ ወይስ አልፏል? ጭሱ ፀሐዩን ጋርዶታል፤ በደንብ አይታይም። በጣቱ ዳበሰው። “እዚያው ነው፣” አለ። “እዚያው ይመስለኛል።”

“ስሜን ይጠይቁኝ። የልጆችዎን ስም ይጠይቁኝ።”

“የልጆቼን ስም ንገሪኝ።”

“ሙሰብ፣ ሱሀይላ።” ትንፋሿ ይቆራረጣል። “ሱሀይላ ስትወለድ ጠጉሯ ዓይኗ ድረስ ነበር።”

ሽኩር ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፤ ሁለቱንም መስኮት ዘጋ፤ ማሞቂያውን ከፈተ። ኮሮናው ይምጣ ብሎ አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቀ። ማስኩን በአፉ ላይ እየያዘ “ያ ረቢ” ይላል። እሷም በሀዲይኛ ትጸልያለች። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ከዚያም ተዋት።

“ብርድ ነው፣” አለች። “ብርድ ብቻ ነው። ይንዱ።”

የእሷ ስልክ ጮኸ። ሀቢሶ ነው። ሽኩር ተቀብሎ የሆነውን ነገረው። ከወዲያኛው ጫፍ ጩኸት መጣ። “ያስፈርሟት ብዬ አደራ ሰጠሁዎት! እህቴን ገደሏት! አንድ ነገር ብትሆን እርስዎን ነው የምጠይቀው!”

“ጠይቀኝ፣” አለ ሽኩር። “አሁን ግን እየነዳሁ ነው።”

*

የሆስፒታሉ በር ላይ ወታደር መሰል ጥበቃ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው በወንበርም በሳርም ላይ ኦክሲጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶ ተኮልኩሏል። ተሸካሚ ሠራተኛ ስለሌለ ሽኩር እራሱ ጎማው የጎበጠ ተሽከርካሪ ወንበር ፈልጎ እየገፋ አስገባት። ሲስተሯ የዶክተር ፒላይን ደብዳቤ አንብባ ከኮሮናዎቹ ለይታ ግድግዳ ሥር አስቀመጠቻቸው። ጠበቁ። ሽኩር በመካከሉ ሦስቴ ተነስቶ ለመነ፤ ኤርጎጌ ግን የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ “መስመሩ እዚህ ነበር፤ አሁን እዩልኝ።” እየመጡ ያዩላታል።

የመጣችው ሐኪም ዶክተር ሞላቲ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን በፕላስቲክ ቆብ ሸፍናለች። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው “ስትተኚ እግርሽን እንዴት አድርገሽ ነው የምታሳርፊው?” ብላ ነው።

ኤርጎጌ ሽኩርን አየችውና “ካልጋ አንጠልጥዬ” አለች።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። እስክሪብቶ የምታህል መሣሪያ አውጥታ ቅባት ቀባችና እግሯ ላይ አሳረፈች። መሣሪያዋ ደም ሲፈስ የምታሰማ ናት። የእግሯ ጀርባ ላይ ጭጭ አለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጭጭ። ሐኪሟ ወደ ላይ እያለች ከጉልበት በታች ስትደርስ በጣም ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ሽው… ሽው…

“ይሄ ደምሽ ነው፣” አለች ዶክተር ሞላቲ። “እዚህ ድረስ ይመጣል። ከዚህ በታች መንገዱ ተዘግቷል። በብሽሽትሽ በኩል ገብቼ ልከፍተው እሞክራለሁ። ቃል አልገባልሽም። ጣቶቹ ሞተዋል፤ እነሱ ይሄዳሉ። መንገዱ እምቢ ካለኝ ያ ዶክተር ያለው ይሆናል፣ ከጉልበት በታች።”

“እሱ ተሳስቶ ነበር?” አለ ሽኩር ሳያስበው።

“ስለ መርዙ ያለው ልክ ነው። ሁለት ቀን ብትዘገዩ እኔም ሌላ ነገር አልላችሁም ነበር። መንገዱን ለማየት ግን መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱ የለውም።”

“መንገዱ እምቢ ካለ እዚያው በማደንዘዣው እንደተኛሁ ቁረጡ፣” አለች ኤርጎጌ። “አትቀስቅሱኝ። አሁን የት ልፈርም?”

ወንበሯን እየገፉ በላስቲክ መጋረጃ ውስጥ አስገቧት። ሽኩር ከዚያ አላለፈም።

*

ዱርንፎንቴን ሲመለስ የብረት መዝጊያው ወደ ውጭ ተጎልጉሎ ነበር። አብዱልጀባር ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። “በሕይወት አለሁ አጎቴ” ብሎ ተነሳና ስልክ ለምን እንዳላነሳለት እያለቀሰ ጠየቀው። መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ የፈሰሰ ዱቄት ላይ የጫማ ዱካ ብቻ። ሽኩር ልጁን አቀፈው። ደረጃው ላይ አብረው ተቀመጡ፤ ሽኩር በአብዱልጀባር ስልክ ማልዶ ሆስፒታሉን እስኪያገኝ ድረስ ከዚያ አልተነሳም።

መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ሦስት ጣቶች ሄደዋል። እግሩ አለ።

ለሀቢሶ ነገረው። “ጋሽ ሽኩር፣ የጮኽኩብዎትን ይቅር ይበሉኝ” አለ። ለዶክተር ፒላይም ደወለለት። ሐኪሙ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ “ጣቶቿ ብቻ?” አለ። “ደስ ብሎኛል። በእሷ ተራ ሌላ ሰው ቆረጥኩ። የእሱ የሚተርፍ አልነበረም። ሰላም በላት።”

ኤርጎጌ ከሆስፒታል የወጣችው ዘረፋው በርዶ ሱቆች ቀለም መቀባት በጀመሩበት ሳምንት ነው። ሀቢሶና ሽኩር ሊወስዷት መጡ። ሀቢሶ ፊቱን እንደ ሕፃን አቀርቅሮ ጫማዋን አደረገላት፤ “ተነሺ፣ ቀስ” ይላታል፤ እሷም በሁለት ክራንች እየተደገፈች፣ ላቧ እየወረደ፣ የራሷን እግር መሬት ላይ አሳረፈች።

መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቿን በከረጢት አድርጎ ሲገፋላት አልተቀበለችውም። አንዱን አወጣች። “ይሄ ለምንድን ነው?” ደም እንዳይረጋ ነው አላት። “ስንት ጊዜ እወስዳለሁ? ብተወው ምን ይሆናል?” ሌላውን አወጣች። ከኋላ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሀቢሶ አፍሮ “እቴ፣ ይበቃል” ሊላት አፉን ከፈተና ሽኩርን ሲያየው መልሶ ዘጋው። ሁሉንም ጠይቃ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ነው ከረጢቱን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው።

ልትዞር ስትል ሽኩር ከአጠገቧ አልነቃነቅ አለ። ከኪሱ የተጨማደደ የእንክብል ወረቀት አወጣ። የደም ግፊት አለብህ ተብሎ ለሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት የሚውጣት ክኒን ናት።

“ይቅርታ፣ ጌታዬ፣” አለ ፋርማሲስቱን፤ ጆሮው ቀልቷል። “ይቺ የእኔ ናት። ስወስዳት ያስለኛል፤ እግሬም ያብጣል። የእሷ ሥራ ይሆን?”

“ለሐኪምህ አልነገርከውም?”

“አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።”

ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ስሙን አነበበ። ኤርጎጌ ክራንቿን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሰዉ እያጉረመረመ፣ መስኮቱ ፊት ቦታ ለቀቀችለት።

“ቀረብ ይበሉ፣ ጋሽ ሽኩር፣” አለችው። “ጮክ ብለው ይጠይቁት።”